ዓይን አፋር የባሕር ዓሦች በቤት ውስጥ የኖሩበት ታሪክ

በሞቃታማ ባሕሮች ዳርቻ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት አጽማቸውን በሺህ ዓመታት እየደራረቡ የሚሠሩት የኮራል ዐለት ከሩቅ ሲታይ በቀለምና በእንቅስቃሴ የተሞላ ቢሆንም፣ ከነዋሪዎቹ ዓሦች ብዙዎቹ ቀናቸውን የሚያሳልፉት በስንጥቅ፣ በዋሻና በኮራል ቅርንጫፎች ጥላ ሥር ተሸሽገው ነው። ከመሸሸጊያቸው ጥቂት ክንድ መራቅ ለአዳኝ ዓሣ ራስን አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፣ ተፈጥሮ ሰውነታቸውንም ጠባያቸውንም ለዚሁ ጥንቃቄ ቀርጻዋለች፤ የብዙዎቹ አፍ ጠባብ ነው፣ ምግባቸው በዓይን እምብዛም የማይታይ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው፣ ያልለመዱት ጥላ ሲያልፍባቸውም መብላቱን ትተው ይሸሸጋሉ። እነዚህን ዓይን አፋር ዓሦች አኳሪየም በሚባለው የመስታወት ገንዳ፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ለማኖር የተደረገው ጥረት ለረጅም ዘመን መልሱን ውሃው ውስጥ ብቻ ሲፈልግ ኖሯል። ውሃው ከጠራና ጨዉ ከተመጠነ ዓሣው ይኖራል ተብሎ ሲታመን፣ ዓሣው ግን በጠራው ውሃ ውስጥ በፍርሃትና በረሃብ ይሞት ነበር። የአያያዙ ታሪክ ይህ እውነት ቀስ በቀስ የተገለጠበት ታሪክ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የኮራል ዓሦች በሳይንስ መዝገብ መስፈር የጀመሩበት አንዱ ዋና ስፍራ ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር ነው። በዴንማርክ ንጉሥ ትእዛዝ ወደ ዓረብ አገር የተላከው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፒተር ፎርስኮል ከ1762 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1763 ድረስ የቀይ ባሕርን ዓሦች ሰብስቧል፤ የዓሦቹን የአንድ ወገን ቆዳ እየገፈፈ እንደ ዕፅዋት ቅጠል በወረቀት ላይ ተጭኖ እንዲደርቅ ያደርግ የነበረ ሲሆን፣ ከእነዚህ የደረቁ ቆዳዎች ብዙዎቹ ዛሬም በኮፐንሃገን ይገኛሉ። የጉዞ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር በ1775 ያሳተመለት መጽሐፍ ዛሬ በአኳሪየም ባለቤቶች ዘንድ የሚታወቁ በርካታ ዓሦችን ስም የያዘ ነው። ከእርሱ በኋላ ጀርመናውያኑ ቪልሄልም ሄምፕሪክና ክርስቲያን ኤረንበርግ በዚያው ባሕር ሲዘዋወሩ ሄምፕሪክ በ1825 ምፅዋ ላይ በሕመም ሞተ፤ የሰበሰቧቸው ዓሦች ግን ፓሪስ ላይ በ1831 በፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በኪዩቪየ መጽሐፍ ውስጥ ሲገለጹ፣ ቢጫ ገላና ሰማያዊ የዓይን ጥላ ያለው፣ ቀኑን በጠፍጣፋ ኮራል ሥር ከጥንዱ ጋር ተጠልሎ የሚውለው የቀይ ባሕር ቢራቢሮ ዓሣ አብሯቸው ታወቀ።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል በ1831 ምፅዋ ደርሶ ከዚያ ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ጎንደር የዘለቀ ሲሆን፣ ከ1835 ጀምሮ በክፍል በክፍል ባሳተመው የአቢሲኒያ አከርካሪ እንስሳት መጽሐፉ ጭላዳንና ዋልያን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነገር የዚሁ መጽሐፍ አንዱ ክፍል የቀይ ባሕርን ዓሦች የሚመለከት መሆኑ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ጀርባው በቢጫ መስመር የተዋበ፣ ከዐለት ስንጥቅ ብዙም የማይርቅ፣ ሱዶክሮሚስ ከሚባለው ወገን የሆነ ትንሽ ዓሣ በ1835 ስም አግኝቷል። የደጋው ዋልያና የባሕሩ ስንጥቅ ነዋሪ በአንድ ሰው ብዕር፣ በአንድ ሥራ ውስጥ መመዝገባቸው የኢትዮጵያን የተፈጥሮ ጥናት ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ መረብና መንጠቆ የሚደርሱት በግልጽ ወደሚዋኘው ዓሣ ነው። የዚያው የሱዶክሮሚስ ወገን የሆነውና ከራስ እስከ ጅራቱ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ዘመዱ፣ በገደላማው ዐለት ጥላ ሥር ስለሚኖር፣ ጀርመናዊው የዓሣ ተመራማሪ ክላውሴቪትዝ በእስራኤሏ የቀይ ባሕር ወደብ በኤይላት ይሠራ በነበረው በዴቪድ ፍሪድማን ስም ሱዶክሮሚስ ፍሪድማኒ ብሎ እስከ ሰየመበት እስከ 1968 ድረስ አልታወቀም ነበር። በሁለቱ ዘመዳሞች መካከል ያለው የ133 ዓመት ርቀት የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው፤ የተሸሸገውን ዓሣ ለማወቅ ሰው ራሱ ወደ መሸሸጊያው መውረድ ነበረበት። ይህን ያስቻለው ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን በ1943 የሠሩት፣ ጠላቂው የታመቀ አየር በጀርባው ተሸክሞ እንዲተነፍስ የሚያደርገው መሣሪያ ሲሆን፣ ዓይን አፋር ዓሦችን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይኸው መሣሪያ ለንግድም አጋለጣቸው።

የባሕርን ፍጥረት በመስታወት ዕቃ ማኖር ግን ከዚህ በጣም ይቀድማል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ዣን ቪልፕሩ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት ሲሲሊ ውስጥ በመስታወት ገንዳ የባሕር እንስሳትን እያኖረች ታጠና ነበር። በ1846 አና ቲን የተባለች እንግሊዛዊት ከባሕር ዳርቻ ወደ ለንደን ያመጣቻቸውን ኮራሎች በሕይወት ለማቆየት የቤት ሠራተኛዋ ውሃውን በየቀኑ እያነሳች በመገልበጥ አየር እንድታስገባበት ታደርግ የነበረ ሲሆን፣ ኋላም የባሕር አትክልት አየሩን እንደሚያድስ ተረዳች። በ1853 ለንደን በሚገኘው ሪጀንትስ ፓርክ ለሕዝብ የተከፈተው የዓሣ ቤት፣ በ1854 የታተመው የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ መጽሐፍና እርሱ አራት ዓይነት ጨዎችን በመቀላቀል የሠራው ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ነገሩን ወደ ብዙ ቤቶች አስገቡት። በዚያ ዘመን በየቤቱ የኖሩት ግን ከእንግሊዝ ቀዝቃዛ ዳርቻ የሚለቀሙ ጠንካራ ፍጥረታት ነበሩ፤ የሞቃታማው ባሕር ዓሣ የሳምንታት የመርከብ ጉዞን የሚቋቋም አልነበረምና።

የኮራል ዓሦች በብዛት ወደ ሕዝብ አኳሪየሞች በገቡበት በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ያጋጠመው ዋና ችግር ወረርሽኝ ነበር። ኢ. ኤም. ብራውን የተባለችው ተመራማሪ በ1931 የዓሦቹን ስንጥብና ቆዳ የሚወርር አንድ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋሲ፣ በ1951 ደግሞ በሰውነታቸው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ የሚያወጣውን ሌላ ጥገኛ ለይታ ገለጸች። መድኃኒቱን በተመለከተ፣ በሳን ፍራንሲስኮው ስታይንሃርት አኳሪየም ይሠራ የነበረው ሮበርት ዴምፕስተር በ1955 የመዳብ ሰልፌት አጠቃቀሙን አሳተመ፤ በጥንቃቄ የተመጠነ መዳብ ጥገኛውን ሲገድል ዓሣውን ይምራል። ብዙ ዓሦች በዚህ ሕክምና ተርፈዋል፤ የተገኘውም ዕውቀት ታላቅ ነው።

ችግሩ መዳብ የሚገድለው ጥገኛውን ብቻ አለመሆኑ ነው። ሽሪምፕን፣ ትላትልንና ኮራልን ጨምሮ አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር እንስሳት በአብዛኛው ያጠፋል፤ ዓይን አፋሩ ዓሣ ቀኑን ሙሉ የሚለቅመው ምግብ ደግሞ ከእነዚሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የቤት አኳሪየም፣ በሕክምና ዓይን ሲታይ ንጹሕ ቢሆንም፣ ሕይወት የራቀው ክፍል ነበር፤ በታችኛው ወለል ጠጠር፣ በመካከሉ ተቀቅሎና በኖራ ማንጫ ነጥቶ የተቀመጠ የሞተ የኮራል አጽም፣ ከላይ ደማቅ መብራት፣ በየጊዜውም የሚቀየር ውሃ። አጽሙ ለውበት የተቀመጠ እንጂ ለመጠለያ የታሰበ ስላልነበረ በየጊዜው እየወጣ ይታጠብ ነበር፤ ዓሣውም ቤቱ በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ ይደነግጣል። በዚህ ዓይነቱ ገንዳ የሚኖሩት ደፋሮቹና የተሰጣቸውን ሁሉ የሚበሉት ናቸው። ፈሪዎቹ ጥግ ይዘው፣ ምግቡ ሲጣልላቸው ሳይደርሱበት በደፋሮቹ እየተቀደሙ ይመነምናሉ፤ ሲሞቱም የሚመረመረው ውሃው እንጂ ሆዳቸው አልነበረም።

በዚያው ዘመን ሌሎች መሠረታዊ ነገሮች መሻሻላቸውን መካድ አይገባም። ዓሣ ከስንጥቡ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ መሆኑና ይህን መርዝ ባክቴሪያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት እንደሚለውጠው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ ምርምር ይታወቅ ነበር፤ ውሃውን በጠጠሩ ውስጥ እያዘዋወረ ለባክቴሪያው ሰፊ መኖሪያ የሚሰጠው ማጣሪያ ይህን ዕውቀት ወደ ቤት አመጣው። በጨው የሚዝገው የብረት ፍሬም በሲሊኮን ማጣበቂያ በተያያዘ ሙሉ መስታወት ተተካ፣ በከረጢት የሚሸጥ ሰው ሠራሽ የባሕር ጨውም ከባሕር የራቁ ከተሞችን ነዋሪዎች የባሕር ዓሣ ባለቤት አደረጋቸው። የአውሮፕላን ጭነትና ኦክስጅን የተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት የሳምንታቱን ጉዞ ወደ ሰዓታት አሳጠሩት።

በአስተሳሰብ ረገድ የመጣው ለውጥ ግን የተነሳው ከጃካርታ ነው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የኢንዶኔዥያ ነዋሪ በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ አሳዳጊዎች መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ፣ በማጣሪያ ፈንታ ከባሕር የመጣ ሕያው ኮራል፣ በተሕዋስያን የተሸፈነ ድንጋይ፣ የተፈጥሮ የባሕር ውሃና ጥቂት የአየር አረፋ ብቻ እየተጠቀመ ዓሦችንና ኮራሎችን አብሮ እንደሚያኖር አስረዳ። ከባሕሩ አጠገብ የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር መሠረት ያደረገው ይህ አሠራር፣ አሳዳጊዎች ቆሻሻ ሲሉት የነበረው ሕይወት ራሱ የአኳሪየሙ መሠረት መሆኑን አሳየ። ሐሳቡ በርቀት ለሚኖሩት አሳዳጊዎች ወዲያው አልሰመረላቸውም፤ በረጅም ጉዞ የደረሰ ድንጋይ ላይ የሞተው ፍጥረት ይበሰብስና ገንዳውን ይመርዘው ነበር። ሆኖም በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ሊ ቺን ኤንግ ሊከበር የሚገባው ሰው ጥቂት ነው፤ ዓሣውን ከቤቱ ነጥሎ ማኖር እንደማይቻል በተግባር ያሳየ ነውና።

ጀርመናውያን ይህን ሐሳብ ከባሕር ርቆ እንዲሠራ አደረጉት። በበርሊን የነበሩ አሳዳጊዎች ሕያው ድንጋይን ፕሮቲን ስኪመር ከሚባለው መሣሪያ ጋር አዋሐዱ፤ ይህ መሣሪያ ደቃቅ የአየር አረፋዎችን በረጅም ቱቦ ውስጥ ሲያሳልፍ፣ ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው ቅባትና ፕሮቲን በአረፋዎቹ ገጽ ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና በስብሶ አሞኒያ ከመሆኑ በፊት ከላይ በተቀመጠ ጽዋ ተሰብስቦ ይደፋል። ሕያው ድንጋይ የሚባለው ደግሞ በውስጡና በላዩ ባክቴሪያ፣ ትላትል፣ ስፖንጅና ጥቃቅን ሸርጣን መሰል ፍጥረታት የሰፈሩበት የቆየ የኮራል ድንጋይ ሲሆን፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጠኛው ክፍሉ ያለው ባክቴሪያ ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን አየር ለውጦ ከውሃው ያስወጣል። ፔተር ቪልከንስ በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን አያያዝ በስፋት አስተማረ፤ በ1980ዎቹ ሞናኮ ውስጥ ዣን ዦበር በጥልቅ አሸዋ የሚሠራ ሌላ ዘዴ ጨመረበት፣ በ1991 ደግሞ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ ዋልተር አዴይ ከካረን ላቭላንድ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የአኳሪየሙን ሥርዓተ ሕይወት በሙሉ እንደ አንድ አካል የማየት አስተሳሰብ ሰፊ ማብራሪያ አገኘ። ለዓይን አፋር ዓሦች ከዚህ ሁሉ የተረፋቸው ሁለት ነገር ነው፤ የማይነሳ ዋሻ፣ በዋሻውም ውስጥ ራሱን የሚተካ ምግብ።

አሳዳጊው ስለ መሸሸጊያ ዋጋ እየተማረ ሳለ፣ በባሕሩ ያለው መሸሸጊያ ግን በንግዱ ይጠፋ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ የተስፋፋው ዘዴ ሶዲየም ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በጥብጦ ወደ ስንጥቁ መርጨት ሲሆን፣ የደነዘዘው ዓሣ ተንሳፍፎ ሲወጣ በእጅ ይለቀማል። በግልጽ የሚዋኘውን ዓሣ በመረብ መክበብ ስለሚቻል መርዙ ይበልጥ ያነጣጠረው ስንጥቅ ውስጥ በሚሸሸጉት ላይ ነበር፤ በዱር ሕይወታቸው ያዳናቸው ጠባይ ለጥፋታቸው ምክንያት ሆነባቸው። መርዙ የነካው ኮራል ይሞታል፣ ከሞት የተረፈው ዓሣም ውስጣዊ አካሉ ተጎድቶ ከሳምንታት በኋላ በገዛው ሰው ቤት ያለ ግልጽ ምክንያት ይሞት ነበር፤ ገዢውም ሞቱን የዓሣው ተፈጥሯዊ ድክመት አድርጎ ይቆጥረዋል። ዓሣ አጥማጁን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም፤ ለዓሣው የሚከፈለው ገንዘብ የሚበዛው ከባሕሩ በራቀ መጠን ነበርና። በኋላ ለአጥማጆች በመረብ ማጥመድን የማስተማር ሥራና መርዙን የሚለዩ ቤተ ሙከራዎች ተጀመሩ። በ1990ዎቹ ከምፅዋ የተጀመረው የጌጥ ዓሣ ንግድም የቀይ ባሕርን የምዕራብ ዳርቻ በዚህ ገበያ ካርታ ላይ አስቀምጦታል።

የዓይን አፋር ዓሦችን ዕጣ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ማንዳሪን የሚባለው ዓሣ ነው። አሜሪካዊው አልበርት ሄር በ1927 ከፊሊፒንስ ባሕር የገለጸው ይህ ዓሣ ከ7 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ቅርፊት በሌለውና በወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ በተሸፈነው ገላው ላይ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ቀለም ተጠላልፎ ይታያል። ሰማያዊው ከብዙዎቹ ሰማያዊ ዓሦች በተለየ ከብርሃን ነጸብራቅ ሳይሆን ከእውነተኛ ሰማያዊ ቀለም ሕዋስ የሚመጣ ነው። ቀን ቀን በተሰባበረ ኮራል መካከል ወለሉን እየተከተለ፣ ኮፔፖድ የሚባሉትን ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ ፍጥረታት አንድ በአንድ እየለቀመ ይውላል፤ ሲመሽ ብቻ ወንዱና ሴቷ ጎን ለጎን ሆነው ከኮራሉ በላይ ጥቂት ከፍ ብለው ይራባሉ። በፊሊፒንስ አንዳንድ ስፍራ ይህን ዓሣ የሚይዙት መርፌ የመሰለ ጫፍ ባላት ትንሽ ጦር እየወጉ ነበር፤ ከስንጥቁ በሌላ መንገድ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው።

በመደብር መስታወት ውስጥ ሲታይ ከማንኛውም ዓሣ ይበልጥ የሚያምረው ማንዳሪን፣ ገዢዎቹ ቤት ሲደርስ በዝግታ ይራብ ነበር። ሆዱ በአንድ ጊዜ ብዙ ለመያዝ የተሠራ ስላልሆነ በቀን ሁለት ጊዜ የሚጣል የደረቀ ምግብ አይጠቅመውም፤ ብዙውን ጊዜም የማይንቀሳቀስን ነገር እንደ ምግብ አይቆጥረውም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የዓለም ጥበቃ ክትትል ማዕከል በ2003 ያወጣው ጥናት በየዓመቱ ከ20 እስከ 24 ሚሊዮን የሚደርሱ፣ 1,471 ዝርያ ያላቸው የባሕር ዓሦች በዓለም ገበያ እንደሚዘዋወሩ ሲገምት፣ በምግባቸው ጠባብነት ምክንያት በገንዳ መኖር እየከበዳቸው በብዛት ከሚሸጡት መካከል ማንዳሪንን በስም ጠቅሶታል። ውበቱ ገበያ ላይ ያቆየዋል፣ ጠባዩ ግን ገዢውን አያስጠነቅቅም፤ የሚራበው ዓሣ እንደ ጤነኛው ሁሉ ድንጋዩን ሲለቅም ይውላልና፣ መክሳቱ የሚታወቀው ጀርባው ሲሳሳና ሆዱ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው።

መፍትሔው የመጣው ዓሣውን በግድ ከማስለመድ ይልቅ ገንዳውን ለእርሱ ከማመቻቸት ነው። አሳዳጊዎች ከዋናው ገንዳ ጋር በውሃ የተገናኘ፣ ዓሣ የማይገባበት፣ የባሕር አትክልት የበቀለበት ትንሽ ክፍል ሠርተው ኮፔፖዶች ሳይበሉ በዚያ እንዲራቡና ከሚፈስሰው ውሃ ጋር ወደ ዓሣው እንዲደርሱ አደረጉ፤ ማንዳሪን መግዛት የሚገባውም ገንዳው በሕያው ድንጋይ ተሞልቶ ለብዙ ወራት ከቆየ በኋላ እንደሆነ ደንብ ሆነ። ለሌሎቹ ዓይን አፋር ዓሦችም ተመሳሳይ ልምድ ዳበረ። አዲስ የመጣው ዓሣ መብራት በደበዘዘበት ሰዓት ይገባል፣ ለጥቂት ቀናት ነባሮቹን እያየ ሳይነካ የሚቆይበት ቀዳዳ ያለው ግልጽ ሣጥን ይሰጠዋል፣ ፈሪው ከደፋሩ ቀድሞ ገብቶ መሸሸጊያውን እንዲመርጥ ይደረጋል፣ በተረጋጋ ሁኔታ በግልጽ የሚዋኙ ሰላማዊ ዓሦችም አብረውት እንዲኖሩ ይደረጋል፤ የእነርሱ ሳይሸሹ መዋኘት በዙሪያው አዳኝ አለመኖሩን ለተሸሸገው ይነግረዋልና። በ1930ዎቹ በስታይንሃርት አኳሪየም አልቪን ሲል ያስተዋወቀው፣ ከደረቅ እንቁላል በአንድ ቀን የሚፈለፈለው አርቴሚያ የተባለ የጨው ሐይቅ ሽሪምፕ ሕያው ምግብን ከባሕር ርቆ ለማቅረብ ያስቻለ የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ ነበር።

ዓሦቹን በቤት ውስጥ ማራባት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ ማርቲን ሞ ክላውንፊሽ የሚባለውን ዓሣ ለገበያ በሚበቃ ብዛት አራባ፤ ለጫጩቶቹ የመጀመሪያ ምግብ የሆነው ሮቲፈር የተባለ በዓይን እምብዛም የማይታይ ፍጥረት ነበር። በ1990ዎቹ ሁለቱ የቀይ ባሕር ሱዶክሮሚሶች፣ ሩፔል የገለጸውና ከ133 ዓመት በኋላ የታወቀው ዘመዱ፣ በሰው እጅ ተራቡ፤ በምርኮ የተወለዱትም ከባሕር ከመጡት ይልቅ ሰውን የማይፈሩና የተዘጋጀ ምግብ በቀላሉ የሚበሉ ሆነው ተገኙ። በ2010 አንድ የፍሎሪዳ ማራቢያ በምርኮ የተወለደ ማንዳሪን ለገበያ አቀረበ።

ይሁን እንጂ ዓሣን ማራባት መቻል ባሕሩን ከመጠቃት ወዲያው አያድነውም። በተፈጥሮ በኢንዶኔዥያ የባንጋይ ደሴቶች አካባቢ ብቻ ይኖር የነበረውና በባሕር ጃርት እሾኾች መካከል የሚሸሸገው የባንጋይ ካርዲናል ዓሣ በ1933 ተገልጾ ለስድስት አሥርት ዓመታት ያህል ከተረሳ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ገበያ ገባ። ወንዱ እንቁላሉን፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹን በአፉ ይዞ የሚጠብቅ፣ ጫጩቶቹም ትልቅ ሆነው የሚወጡ ስለሆነ ከባሕር ዓሦች ሁሉ ለማራባት ከሚቀሉት አንዱ ነው። ነገር ግን ከባሕር የሚለቀመው ለነጋዴው ይረክሳልና በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዓሣ ከእነዚያ ጥቂት ደሴቶች ተወሰደ፤ ጫጩቶቹ በማዕበል ርቀው የማይሄዱ በመሆናቸው አንዱ ሰፈር ሲራቆት ከሌላው የሚተካው የለም። በ2007 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል መዘገበው። ዛሬ በየመደብሩ በሚገኙት የባንጋይ ካርዲናሎች መካከል በማራቢያ የተወለዱትና ከእሾኹ መካከል የተለቀሙት በመልክ አይለዩም፤ የሚለያቸው ሻጩ የሚሰጠው መረጃና ገዢው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።